ሶላቶው ያላያት ሴት

ፖርታ ፖርቴዜን የሮም ምናለሽ ተራ በሉት። እሑድ እሑድ ጠዋት ብቻ የሚቆም ገበያ ነው። የቆመ የግድግዳ ሰዓት፣ የሟች አያት ሹካና ማንኪያ፣ አንድ እግር ጫማ፤ የሌለ ነገር የለም። እኔ እዚህ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ኪሴ ባዶ ቢሆንም ዞር ዞር ለማለት እወርዳለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ከአንድ ሽማግሌ ሻጭ ፊት ቆምኩ። መሬት ላይ ባነጠፈው ሸራ ላይ የጫማ ካርቶን አስቀምጧል። ክዳኑ ላይ በማርከር «አፍሪካ» ብሎ ጽፎበታል። ውስጡ ፎቶ ነው። የእጅ መዳፍ የሚያክሉ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ብዛታቸው የትየለሌ። ከአልበም ሲገነጠሉ ጥቁር ወረቀቱ አብሮ ተልጦ ጀርባቸው ላይ ቀርቷል።

ዋጋውን ሳልጠይቀው ነገረኝ። ተራው 5 ዩሮ፣ ራቁቷን የሆነች ሴት ያለችበት 20። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ከየት እንደሆንኩ ገባው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ አይደለሁም ያነሳሁት» አለ።

እውነቱን ነው። ምን ይባላል? ቁጢጥ ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ።

በቅሎ። ጭቃ ውስጥ የሰመጠ ካሚዮን። ፓስታ የሚበሉ ወታደሮች። ድልድይ። ዝንጀሮ በገመድ የያዘ ልጅ እግር መኮንን። ቤተ ክርስቲያን፣ ምናልባት አድዋ፣ ምናልባት ሌላ ቦታ። ገበያ የወጡ ሴቶች። እንደገና በቅሎ። ከዚያ ደግሞ ሳትዘጋጁ አንዱ ይመጣል፤ ግንድ ላይ የተሰቀሉ ሦስት ሰዎች፣ ከስራቸው ደግሞ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የሚስቁ ጎረምሶች። ቀጥሎ ያለው ፎቶ ድጋሚ በቅሎ ነው። በቅሎውም የተሰቀለውም በአንድ መጠን ታጥቦ፣ በአንድ መቀስ ተከርክሞ፣ አንድ አልበም ላይ ተለጥፎ ነበር። ያመመኝ እሱ ነው።

አንዷን ብቻ ገዛሁ። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ፊት አንዲት ሴት ቆማለች። አጠገቧ ባርኔጣ ያደረገ ወታደር አለ፤ ይስቃል፤ እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሏል። እሷ አትስቅም። ካሜራውንም አታይም፤ ወደ ቀኝ፣ ከፎቶው ውጭ ወዳለ ነገር ታያለች። ጀርባው ላይ በእርሳስ አንድ መስመር በጣሊያንኛ ተጽፏል፤ «ትዝታ ከአዲስ አበባ፣ ማርች 1937»።

እኛ ሰፈር ያደገ ሰው «በጣሊያን ጊዜ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ነው የሚያድገው። ወሬው ብዙ ነው። ሽለላው፣ ፉከራው፣ ማን ባንዳ እንደነበር፣ ማን ዱር ገብቶ እንደቀረ። ፎቶ ግን የለም። የእናቴ አባት አርበኛ ነበሩ። ያለን አንድ ፎቷቸው ከድል በኋላ ስቱዲዮ ገብተው የተነሱት ነው፤ ጎፈሬያቸውን እንዳበጠሩ፣ በውሰት ኮት፣ ከኋላቸው በቀለም የተሳለ ፏፏቴ። ዱር የነበሩበትን አምስት ዓመት ያየ ካሜራ የለም። ወይም አለ፤ ግን የእኛ አይደለም።

የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ያየው ካሜራ በአብዛኛው የወራሪው ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን ሲሻገር ካሜራም አብሮ ተሻግሯል። የፋሺስቱ መንግሥት ሉቼ የሚባል የፊልምና የፎቶ ተቋም ነበረው፤ በ1924 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመ። ስሙ ብርሃን ማለት ነው፤ ቀልዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ሉቼ ለዚህ ጦርነት ብሎ አስመራ ላይ ለብቻው ክፍል ከፈተ። ካሜራ ማኖቹ ከጦሩ ጋር እየሄዱ ወታደሩን መንገድ ሲሠራ፣ ድልድይ ሲያቆም፣ ለባሪያ ነፃነት ሲያውጅ፣ ለልጅ ዳቦ ሲሰጥ ያነሳሉ። ጣሊያን አገር ያለው ሕዝብ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ይህንን ያያል።

ከዚህ ጎን ደግሞ ተራው ወታደር አለ። ከቅኝ ግዛት ወታደሮቹ ከአስካሪው ጋር ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ጦር ነው የዘመተው። ትንንሽ ካሜራ በዚያን ጊዜ ረከስ ብሏል። የገበሬ ልጅ፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ውጭ አገር ሲሄድ ምን ያደርጋል? ፎቶ ይነሳል። ለእናቱ ይልካል። የሉቼ ፎቶ ሳንሱር ነበረበት። የሶላቶው ኪስ ውስጥ ያለው ግን ማን ሊቆጣጠረው? ስለዚህ መንግሥቱ የደበቀው ነገር ሁሉ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ግንዱ፣ የተቃጠለው ጎጆ፣ የተቆረጠው አንገት። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ሲገደሉ አንገታቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ታይቷል፤ ፎቶም ተነስቷል። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ አለ። እዚህ አልለጥፈውም። ፈልጋችሁ አትዩት ማለትም አልችልም፤ እኔ አይቼዋለሁ።

የገዛኋትን ፎቶ የዚያኑ ማታ በስልክ አንስቼ አዲስ አበባ ለአክስቴ ላክሁላት። እቴቴ ብለን ነው የምንጠራት። ሰማንያ አልፏታል። ቴሌግራም የምትከፍትላት የልጅ ልጇ ናት። ሳልልከው ትንሽ አመነታሁ፤ ምን ብዬ ነው ለአሮጊት እንዲህ ያለ ነገር የምልከው አልኩ። ግን ከእሷ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለች።

«ማናት እቺ?»

«አላውቅም እቴቴ። ገበያ ላይ ነው ያገኘኋት።»

«ገበያ?» ዝም አለች። «ሰው ይሸጣል እንዴ እዚያ?»

ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም።

«ልጅቷ ሰፋ አድርጋ አሳየችኝ እኮ» አለች። «ነጠላዋን አላየኸውም?»

ነጠላዋን አይቻለሁ። ነጠላ ነው። ጥለት አለው። ከዚያ ወዲያ ምን ይታያል?

«ዘቅዝቃዋለች። ጥለቱ እኮ አንገቷ ጋ ነው ያለው። አንተ ልጅ፣ ይሄን ያህል ፈረንጅ ሆነሃል? ሐዘን ላይ ናት። ጸጉሯም ተላጭቷል፤ ሻሿ ስር ምንም የለም። ጉንጯን ደግሞ እየው።»

ጉንጯ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር እኔ የፎቶ እድፍ መስሎኝ ነበር። የዘጠና ዓመት ወረቀት አይደል፤ ሻጋታ ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ስልኬ ላይ ሳሰፋው ሁለቱም ጉንጭ ላይ ነው። እኩል ቦታ ላይ።

«ፊቷን ነጭታለች» አለች እቴቴ። «ቁስሉ ገና ነው። ሰነበተ እንኳ አይባልም። እና ይሄ ሶላቶ ምን ያስቀዋል?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ጀርባው ላይ ያለው ቀን የገባኝ። ማርች 1937 በእኛ ከ1929 የካቲት ማገባደጃ ጀምሮ መጋቢትን ይዞ የሚሄድ ነው። የካቲት 12 በእነሱ ፌብሩዋሪ 19 ነበር። ከዚያ ቀን አርባ ብትቆጥሩ ማርች ማለቂያ ላይ ትደርሳላችሁ። በአዲስ አበባ የሞተ ሁሉ አርባው ገና አልወጣም።

የካቲት 12ን ለእናንተ መተረክ አያስፈልገኝም፤ ግን ለጥቂት መስመር ታገሡኝ። ግራዚያኒ የንጉሡ ልጅ ወንድ ልጅ ስለወለደ ብሎ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ግቢ ለድሆች ምጽዋት ያድላል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ። ከዚያ ሦስት ቀን ከተማው ታረደ። ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30,000 ብሎ ይዞታል። ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 አካባቢ ያደርሰዋል። በየትኛውም ቁጥር ብትሄዱ፣ በዚያ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ነጠላ ዘቅዝቃ የቆመች ሴት ማግኘት ለፎቶ አንሺ ከባድ አልነበረም።

ማን እንደሞተባት አላውቅም። በጥይት ይሁን በእሳት አላውቅም። ዘመዷ በሰላም አልጋው ላይ ታሞ ሞቶ ሊሆንም ይችላል፤ በዚያን ወር እንዲህ የሞተ ካለ። የማውቀው፣ ካሜራውን የያዘው ሰው አላያትም። አንዲት የአገሬው ሴት አየ። ነጭ ልብስ አየ። «ነይ ቁሚ» አላት፤ ቆመች። ጓደኛው ትከሻዋን ያዘ። ቀጭ። ያ ሰው ነጠላ ማንበብ አይችልም። ሐዘኗን ሳያውቅ ከነሙሉ ምልክቱ ቀርጾ ጣሊያን ድረስ ወሰደላት። ዘጠና ዓመት ያህል አልበም ውስጥ ቆይታ አንዲት ሰማንያ ያለፋት ሴት ስልክ ላይ ስትደርስ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተነበበች።

የጠላት ካሜራ እንዲህ ነው። አንሺው የሚፈልገውን ያነሳል፤ መስታወቱ ግን ፊቱ የቆመውን ሁሉ ይወስዳል። ትርፉ የሚወጣው በኋላ ነው፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሲያየው።

ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የፋሺስቱን ወንጀል ሰነድ አድርጎ ሲያሳትም ከማስረጃዎቹ ብዙዎቹ ጣሊያኖች ራሳቸው ያነሷቸው ፎቶዎች ናቸው። እነሱ ለጉራ ያነሱት ለክስ ዋለ። መዋሉስ ዋለ፤ ማን ተከሰሰበት? የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ፊት የእነ ባዶሊዮና የእነ ግራዚያኒ ስም ቀረበ። ፍርድ ቤት የቆመ የለም። ግራዚያኒን በኋላ የራሱ አገር ከናዚ ጋር በማበሩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 19 ዓመት እስር ፈረደበት፤ በዚያው ዓመት ተፈታ። በእኛ ነገር አንድ ቀን አልታሰረም። በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። ከቤቴ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ አይሆንም። አልሄድኩም። ምን ልሠራ?

ግን ፎቶ ሁሉን አይይዝም። የመርዝ ጋዙን ነገር አስቡት። ከ1935 ዲሴምበር ጀምሮ ከአውሮፕላን ሲረጭ ነበር። ሉቼ ያን ሁሉ ሜትር ፊልም ሲያነሳ ጋዝ ግን አላነሳም። የተቃጠለውን ቆዳ ያነሱት ቀይ መስቀል ይዘው የመጡ የውጭ ሐኪሞች ናቸው። የጣሊያን መንግሥት ጋዙን በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ለፓርላማ። ስድሳ ዓመት። ሶላቶው የተሰቀለ ሰው ስር ቆሞ ለመነሳት አላፈረም፤ መንግሥቱ ግን ምን እንደማይነሳ በደንብ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ሌላው ዓለም እንዴት እንዳደረገው ማየት ጀመርኩ። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ቬትናምን አነብ ነበር። የቬትናምን ጦርነት ሁላችንም በፎቶ እናውቀዋለን፤ ግን የምናውቀው ከአሜሪካኖቹ ጎን ቆሞ የተነሳውን ነው። ሄሊኮፕተሩ፣ ጭቃው፣ የደከመው የአሜሪካ ወታደር። ከዚያኛው ወገን ካሜራ የያዙ ሰዎች መኖራቸውን ራሱ ብዙ ሰው አያስብም። ነበሩ። ፊልም እንደ ጥይት ተቆጥቦ ነበር የሚተኮሰው። ማታ ጫካ ውስጥ በከዋክብት ብርሃን፣ ከወንዝ በተቀዳ ውሃ፣ ኬሚካሉን በሻይ ሰሃን በጥብጠው ያጥቡት ነበር። ቲም ፔጅ የሚባል እንግሊዛዊ፣ እሱ ራሱ ከአሜሪካኖቹ ጎን ሲያነሳ ብዙ ጊዜ የቆሰለ ሰው፣ ከጦርነቱ በኋላ የእነዚህን ሰዎች ሥራ ከሚያሰባስቡት አንዱ ሆነ። በሁለቱም ወገን በዚያ ምድር የሞቱትን ፎቶ አንሺዎች ከጀርመናዊው ፎቶ አንሺ ከሆርስት ፋስ ጋር ሲቆጥሩ 135 መጡ። 72ቱ ከሰሜን ቬትናምና ከቬትኮንግ ወገን ናቸው። ከግማሽ በላይ፤ እኛ ደግሞ የአንዳቸውንም ስም አናውቅም።

ከዚያኛው ወገን ፎቶ አንሺዎች አንዱ ቮ አን ካን ይባላል። አንድ ፎቶው አይለቀኝም። ጫካ ውስጥ ስብሰባ ነው። የተሰበሰቡት ሁሉ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነዋል፤ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ከጠላት አይደለም የተሸፈኑት፤ እርስ በርስ ነው። አንዱ ቢያዝና ቢገረፍ የሌላውን መልክ እንዳይናገር። ፎቶ አንሺው እነዚህን ሰዎች ይወዳቸዋል፤ ስለዚህ ፊታቸው የሌለበት ፎቶ አነሳ። ከእኔዋ ሴት ጋር ጎን ለጎን አደረግኋቸው። እሷን «ፊትሽን አሳዪ» ያላት የማይወዳት ሰው ነበር።

ይህን ስል የራስ ካሜራ አይዋሽም ማለቴ አይደለም። ዶአን ኮንግ ቲን የሚባል ሌላ የሰሜን ቬትናም ፎቶ አንሺ አለ፤ ከእሳት ውስጥ ገብቶ ያነሳ ጀግና። በ2014 ፈረንሳይ አገር ኤግዚቢሽን ላይ ከቀረቡት ሥራዎቹ አንዷ፣ ወታደሮች በገመድ ገደል ሲወጡ ከኋላቸው ፏፏቴ የሚታይባት፣ በኮምፒውተር የተቀጣጠለች ሆና ተገኘች። ይቅርታ ጠየቀ። ባነበብኩ ጊዜ የአያቴ ፎቶ ላይ ያለው የቀለም ፏፏቴ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ድል ያደረገ ሰው ኋላው ላይ ፏፏቴ ይወዳል መሰለኝ።

በእኛ ነገር ላይ የሚደክም ሰው የለም እንዳይባል፤ ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ ለዓመታት ከጣሊያን ገበያዎች እንደ እኔዋ ያሉ ፎቶዎችን ስትለቅም ኖራለች። የዚያን ዘመን ፎቶና ታሪክ የሚሰበስብ የኢንተርኔት ማኅደርም አላት። እኔ በአንዷ ፎቶ ይህን ያህል ካልተኛሁ እሷ በመቶዎቹ እንዴት ታድራለች እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ልዝለለው ብዬ አቃተኝ። «ያኛው ወገን» እያልኩ ስጽፍ ጣሊያንን ማለት ቀላል ነው። ቀለሙ ይለያል፣ ቋንቋው ይለያል፣ ዘመኑ ርቋል። በቅርቡ ጦርነታችን ግን ስልክ ያወጣነው እኛው በእኛው ላይ ነው። የሚቀረጸው ሲለምን የሚሰማበት፣ የሚቀርጸው ሲስቅ የሚሰማበት ቪዲዮ ሁላችሁም ደርሷችኋል። እኔም ደርሶኛል፤ አንዱን እስከ መጨረሻው አይቼ ስልኬን አልጋ ስር ወርውሬ አውቃለሁ። እነዚያ ልጆች ለማን ነበር የሚቀርጹት? ካርቶን ውስጥ ያሉት ሶላቶዎች ለማን እንደሚያነሱ ገብቶኛል፤ ለእናታቸው፣ ለሰፈራቸው ልጆች። የእኛዎቹም ለዚያው ይሆናል። ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ ነጠላ ማንበብ ይችላሉ። ምልክቱን ሁሉ ያውቁታል። እያወቁት ነው።

ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር መጻፍ አልችልም፤ ቢያንስ ዛሬ።

የገና በዓል ሳይደርስ እቴቴ «ፎቶዋን በወረቀት አሳጥበህ ላክልኝ» አለች። እዚህ አንድ ስቱዲዮ ወስጄ አስቃኘሁት፤ አሳድጌ አሳተምኩት። አገር ቤት ለሚሄድ ልጅ በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት። ዋናው እኔ ጋ ነው፤ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልሎ። አንድ ቀን የሚገባው ቦታ አስገባዋለሁ።

ጥር ውስጥ አዲስ አበባ ሄድኩ። እቴቴ ቤት ገብቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ዓይኔ ቡፌው ላይ ሄደ። ሴትዮዋ አያቴ አጠገብ ቆማለች፤ በፍሬም፣ ከመስታወት ጋር። ሶላቶው የለም። እቴቴ በልብስ መቀስ ቆርጣ አውጥታዋለች።

«እቴቴ! ምን አደረግሽው?»

«ምን አደረግሁ?»

«ማስረጃ እኮ ነው። እሱ ከሌለ ፎቶው ምኑን ተናገረ? ማን እንዳደረገ፣ መቼ እንደሆነ…»

«ማስረጃውን አንተ ያዝ» አለች፣ ቡናውን እየቀዳች። «እኔ የፈለግኋት እሷን ነው። ሐዘንተኛ እኮ ናት፤ ከእሱ ጋር አቁሜ ልተዋት?»

መልስ አልነበረኝም። ቡናዬን ይዤ ተጠጋሁና አየኋት። መቀሱ በወገቧ ዳር ወርዶ ክንዷን ተከትሎ በጥንቃቄ ሄዷል፤ እጇ ተንቀጥቅጦ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስቷል። ትከሻዋ ላይ ግን አራት ጣት ቀርቷል። ነጠላውን ሳትቆርጥ ልታወጣቸው አልቻለችም።